መርከባችን የውጭ ናት፤ የአሜሪካ ሕግ ምን አገባው?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ከባሕር ዳር ተመርቆ የማርሻል ደሴቶች ባንዲራ በምታውለበልብ የብትን ጭነት መርከብ ላይ ሰርድ ኦፊሰር (ሦስተኛ መኮንን) ሆኖ የሚሠራ ወንድማችን እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «ከብራዚል ሳንቶስ ተነሥተን ሂዩስተን እንገባለን። ቺፍ ኦፊሰሩ የመርከቧ ሴኩሪቲ ኦፊሰር ነው፣ እኔ ረዳቱ ነኝ። ባንዲራችን የአሜሪካ አይደለም። የሴኩሪቲ ፕላናችንንም አሜሪካ አላጸደቀውም። ታዲያ ኮስት ጋርድ (የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ) በየትኛው ሕግ ነው የሚያዘን? ፕላኑን አሳየኝ ቢለኝስ እሰጠዋለሁ? ደግሞስ ተርሚናሉ ወደ ምድር እንዳንወርድ ሊከለክለን ይችላል?»

ወንድሜ፣ ሦስቱም ደህና ጥያቄዎች ናቸው። መልሱ ትንሽ ስለሚረዝም ሻይህን ይዘህ ቁጭ በል። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ አንድ ቃል እናጥራ። እኛ በአማርኛ ሴፍቲውንም ሴኩሪቲውንም «ደህንነት» እንላለን። መርከብ ላይ ግን ሁለቱ ለየብቻ ናቸው። እሳት፣ ጀልባ፣ ላይፍ ጃኬት፣ ይህ ሴፍቲ ነው። ሆን ብሎ ጉዳት ሊያደርስ የሚመጣ ሰው፣ ተደብቆ የሚሳፈር፣ ቦምብ፣ የባሕር ወንበዴ፣ ይህ ሴኩሪቲ ነው። ያንተ ጥያቄ የሁለተኛው ነው፤ እኔም ከዚህ በኋላ «ጸጥታ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

አሁን ወደ ባንዲራው። ብዙ ጀማሪ መርከበኛ «መርከብ የባንዲራዋ አገር ቁራሽ መሬት ናት» የሚል ነገር ሰምቶ ያድጋል። በሰፊው ባሕር ላይ ስትሆን መርከቧ በባንዲራዋ አገር ሕግ ሥር ናት፣ እስከዚያ ልክ ነው። ወደብ ስትገባ ግን የሰው ግቢ ገብተሃል። የግቢው ባለቤት «ከመግባትህ በፊት ይህን አሟላ» የማለት መብት አለው፣ ካላሟላህም በሩን ይዘጋብሃል። የባንዲራህ ሕግ አይጠፋም፤ የወደቡ አገር ሕግ በላዩ ይጨመራል። መርከቧ ሁለት ጌታ አላት ማለት ነው፣ እና ሁለቱም የሚነጋገሩበት አንድ የጋራ ቋንቋ አለ፤ እሱም አይኤስፒኤስ ኮድ፣ ማለትም ዓለም አቀፉ የመርከብና የወደብ ጸጥታ ደንብ ነው።

ኮዱ በባሕር ላይ የሰውን ሕይወት ለመጠበቅ የተደረገው የሶላስ ስምምነት ምዕራፍ 11-2 አካል ነው። የተወለደበትን ጊዜ ብታውቀው ብዙ ነገር ይገባሃል። በጥቅምት 2000 ኤደን ወደብ ላይ የአሜሪካ የጦር መርከብ ኮል በፈንጂ በተሞላች ትንሽ ጀልባ ተመታች። ቀጥሎ የ2001ዱ የመስከረም 11 ጥቃት መጣ። በጥቅምት 6 ቀን 2002 ደግሞ ሊምበርግ የምትባል የፈረንሳይ ነዳጅ ጫኝ መርከብ የመን ዳርቻ ላይ በተመሳሳይ መንገድ ተመታች፤ አንድ መርከበኛ ሞተ። ይህ እኛ ወደ ጅቡቲ ስንመላለስ የምናልፍበት ሰፈር ነው። ሁለት ወር ትንሽ አለፍ ሲል፣ በታኅሣሥ 2002፣ አገሮች ለንደን ላይ ተሰብስበው ኮዱን አጸደቁት። ከሐምሌ 1 ቀን 2004 ጀምሮ ሥራ ላይ ነው። ከአገር ወደ አገር የሚሄድ የመንገደኛ መርከብ ሁሉ፣ እንዲሁም 500 ግሮስ ቶን እና ከዚያ በላይ የሆነ የጭነት መርከብ ሁሉ ይመለከተዋል።

አሜሪካ ለንደንን አልጠበቀችም። የራሷን የባሕር ትራንስፖርት ጸጥታ ሕግ ኅዳር 25 ቀን 2002 ላይ አወጣች፤ ኮስት ጋርድ የሚያዝህም በዚሁ ሕግ ነው። ዝርዝሩ በፌዴራል ደንቦች ርዕስ 33 ክፍል 104 ውስጥ ይገኛል። እዚያ ውስጥ ላንተ ዓይነቱ መርከብ ትልቁን ነገር የያዘችው አንዲት አንቀጽ ናት፣ 104.105። የምትለው በግርድፉ ይህን ነው፦ የውጭ መርከብ በኮዱ መሠረት ተመርምሮ የተሰጠ፣ ጊዜው ያላለፈ ዓለም አቀፍ የመርከብ ጸጥታ ሰርተፊኬት ከያዘች፣ ክፍሉን እንዳሟላች ትቆጠራለች፤ ከአራት አንቀጾች በስተቀር። ከአራቱ ሁለቱ የመንገደኛና የመዝናኛ መርከብ ጉዳይ ስለሆኑ አንተን አይነኩህም። የሚቀሩህ ሁለቱ ናቸው፦ የወደቡን የጸጥታ ደረጃ መከተል፣ እና ከተርሚናሉ ጋር የጸጥታ ስምምነት መፈራረም። ለዚህ ነው ፕላናችሁ ወደ አሜሪካ ተልኮ ያልጸደቀው። የአሜሪካ መርከብ ብትሆን ኖሮ ኮስት ጋርድ ራሱ ያጸድቀው ነበር። ያንተን ግን ባንዲራህ አጽድቆታል፣ አሜሪካም ያንን ተቀብላለች።

እንግዲህ ሁሉ ነገር በዚያች ሰርተፊኬት ላይ ተንጠልጥሏል። ቢበዛ ለአምስት ዓመት ትሰጣለች። በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመቷ መካከል አንድ ምርመራ ተደርጎ ጀርባዋ ላይ መፈረም አለበት። ይህ ፊርማ ከሌለ ፊት ለፊቷ ላይ የተጻፈው ቀን ምንም አያደርግልህም። ሳትውል ሳታድር ሄደህ ጀርባዋን እይ።

ሁለተኛው የቤት ሥራ ከመድረሳችሁ በፊት ያለው ነው። የመድረሻ ማስታወቂያው 96 ሰዓት ቀድሞ በኤሌክትሮኒክስ መላክ አለበት። ከሳንቶስ ሂዩስተን ከአራት ቀን በላይ ስለሆነ ያንተ ጉዳይ ይኸው 96 ሰዓት ነው። ጉዞው ከ96 ሰዓት ካነሰ ግን ከመነሣታችሁ በፊት፣ ቢያንስ ከመድረሳችሁ 24 ሰዓት ቀድሞ ይላካል። ውስጡ የመርከቧ ስምና አይኤምኦ ቁጥር (ዓለም አቀፍ መለያዋ)፣ የመጨረሻዎቹ አምስት የውጭ ወደቦች ከነቀናቸው፣ የሰርተፊኬቷ ዝርዝር፣ 24 ሰዓት የሚገኝ የኩባንያው ሴኩሪቲ ኦፊሰር አድራሻ፣ የክሩ (የመርከቧ ሠራተኞች) ሙሉ ስም ከነፓስፖርት ቁጥሩ አለ። የመድረሻ ሰዓቱ ከ6 ሰዓት ባነሰ ቢለዋወጥ ማሳወቅ አያስፈልግም፤ ሌላው ለውጥ ግን መታረም አለበት።

እዚህ ላይ እኛን ሐበሾችን ለብቻ የሚመለከት ነገር አለ፣ ደጋግሜ ስላየሁት ልንገርህ። ፓስፖርታችን ላይ ያለው ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ነው። ኩባንያው የክሩ ዝርዝር ላይ «የቤተሰብ ስም» የሚል ሣጥን አለው፤ አንዱ የአባቱን ይጽፋል፣ ሌላው የአያቱን። «ተስፋዬ» በላቲን ሲጻፍ መጨረሻው ላይ ፊደል ይጨመራል ወይም ይጎድላል። የትውልድ ቀኑን ደግሞ አንዳንዱ ከልደት ካርዱ የኢትዮጵያ አቆጣጠር ገልብጦ ይሞላውና ከፓስፖርቱ ጋር ሰባት ስምንት ዓመት ይለያያል። አንተ ይህን ታውቃለህ፣ ፊሊፒናዊው ካፒቴን አያውቅም። ስለዚህ ማስታወቂያው ከመላኩ በፊት የሐበሾቹን ፓስፖርት አንተ ራስህ ገጹን ከፍተህ፣ ከዝርዝሩ ጋር ፊደል በፊደል አመሳክር። ሃያ ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

የመጨረሻዎቹ አምስት ወደቦች ለምን እንደተጠየቁም ልንገርህ። ኮስት ጋርድ ሰዎቹን ወደ ሌሎች አገር ወደቦች እየላከ ጸጥታቸውን ይገመግማል። ደካማ ያላቸውን አገሮች ዝርዝር ያወጣል። የመንና ሊቢያ፣ ሶርያም፣ ለብዙ ዓመታት ዝርዝሩ ላይ የነበሩ ናቸው። ዝርዝሩ ስለሚለዋወጥ ኤጀንታችሁን (ወደቡ ላይ የመርከቧን ጉዳይ የሚያስፈጽመውን) አዲሱን ጠይቁት። ከአምስቱ አንዱ እዚያ ውስጥ ካለ፣ መርከቧ በዚያ ወደብ ሳለች ልክ የጸጥታ ደረጃ 2 (ደረጃዎቹን ከታች እነግርሃለሁ) እንደታወጀ ሆና መጠበቅ ነበረባት። መግቢያዎቿ ሁሉ ጠባቂ ያላቸው፣ ጠባቂዎቹም የመርከቧን ውጭ ዙሪያውን የሚያዩ መሆን አለባቸው። ከዚያ ወደብ ጋር የጸጥታ ስምምነት ለመፈራረም መሞከር፣ የተደረገውን ሁሉ ሎግቡክ (የመርከቧ የዕለት መዝገብ) ላይ መጻፍ፣ አሜሪካ ሳይደርሱ ለወደቡ የኮስት ጋርድ አዛዥ ማሳወቅ ግዴታ ነው። «መሞከር» የምትለዋን ያዛት። እዚያ ያለው ሰው አልፈርምም ካለህ፣ እምቢ ማለቱን በሰዓትና በቀን ጻፈው። ያልተጻፈ ነገር እንዳልተደረገ ነው የሚቆጠረው።

ስለ ደረጃዎቹ ባጭሩ። ደረጃ 1 ዘወትር ነው። 2 ስጋቱ ሲጨምር ነው። 3 ጥቃት ሊደርስ ነው ተብሎ ሲታመን ለአጭር ጊዜ የሚታወጅ ነው። አሜሪካኖቹ «ማርሴክ» ይሉታል። መርከቧ ከወደቡ ደረጃ በላይ መሆን ትችላለች፣ በታች መሆን ግን በፍጹም አትችልም። ባንዲራችሁ 2 ካለና ሂዩስተን 1 ከሆነ፣ በ2 ትቆያላችሁ፤ ለተርሚናሉ ሴኩሪቲ ኦፊሰርም ትነግሩታላችሁ። ስምምነቱን በተመለከተ፣ በደረጃ 1 የሚገደዱት የመዝናኛ መርከቦችና አደገኛ ጭነት በጅምላ የያዙት ናቸው። ደረጃው 2 ወይም 3 ሲሆን ግን ያንተም መርከብ ሳትፈርም ጭነት አትጀምርም።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን። እስካሁን ያልኩት ሁሉ ወረቀት ነው። እኔ በዚህ ሥራ የቆየሁበት ዘመን ያስተማረኝ፣ መርከብ ጣጣ ውስጥ የምትገባው ባብዛኛው ቢሮዋ ውስጥ ባለው ፋይል ሳይሆን ጋንግዌይዋ (መውጫ መውረጃ መሰላሏ) ላይ በቆመው ሰው ምክንያት መሆኑን ነው።

አንድ ጊዜ፣ ሰከንድ ኦፊሰር ሳለሁ፣ ሁለት መርማሪዎች ጠዋት ከአንድ ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል መጡብን። ጋንግዌይ ላይ የቆመው ኤቢ (መርከበኛ) ሌሊቱን ገመድ ሲጎትት ያደረ ልጅ ነው። ዓይኑ ቀልቷል። ፊተኛው መርማሪ ካርዱን ብልጭ አድርጎ ወደ ኪሱ መለሰው። ልጁ «ጉድ ሞርኒንግ ሰር» ብሎ የእንግዳ ባጅ ሰጣቸው። መዝገቡ እፊቱ ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ፣ ብዕሩም በክር ታስሮ አለ፤ አልጻፈም። ሬዲዮው ደረቱ ላይ አለ፤ አልጠራኝም። ሰዎቹ የመኖሪያ ክፍሉን በር ገፋ አደረጉት፣ ተከፈተ። ደረጃውን ወጥተው ብሪጅ (መርከቧ የምትነዳበት ክፍል) ድረስ ሄዱ። ማንም «የት ነው?» አላላቸውም። እኔ ያየኋቸው ቡና ይዤ ከቻርቱ ጠረጴዛ ዘወር ስል ነው። ያኔ ነው ካፒቴኑን አስጠርተው ሰርተፊኬቷን የጠየቁት። ሰርተፊኬቷ አንድም እንከን አልነበረባትም። ግን ምን ዋጋ አለው? እስከ ማታ ጭነት ቆመ፤ ክሩ አንድ በአንድ ተጠየቀ። ያን ልጅ ማንም እንዳይቆጣው ለካፒቴኑ ነገርኩት፣ ምክንያቱም የስድስት ሰዓት እረፍት ሳይሰጠው እዚያ ያቆምኩት እኔ ነኝ።

በሕግ ቋንቋ የሆነው ይህ ነው። በሶላስ ምዕራፍ 11-2 ደንብ 9 መሠረት፣ የወደብ አገር መርማሪ መጀመሪያ ላይ ማየት የሚችለው ሰርተፊኬቷን ብቻ ነው። ጊዜዋ ያላለፈ ከሆነች እዚያው ያቆማል፤ «ግልጽ ምክንያት» ከሌለው በስተቀር። ግልጽ ምክንያት ካገኘ ግን በሩ ወለል ብሎ ይከፈትለታል። ሊፈትሽ፣ ሊያዘገይ፣ ሊያስር፣ ሥራ ሊያስቆም፣ ከወደብ ሊያስወጣ ይችላል። ምክንያቱ ደግሞ ከሰርተፊኬት ውጭ ከብዙ ነገር ይመጣል፦ ካፒቴኑ ወይም ክሩ መሠረታዊውን የጸጥታ አሠራር ካላወቁ፣ ልምምድ ካልተደረገ፣ የጸጥታ ኃላፊነት ያለባቸው ሰዎች እርስ በርስ መግባባት ካልቻሉ፣ ጊዜያዊ ሰርተፊኬት እየተደጋገመ ከተሰጠ። እኛ ዘንድ ያ ምክንያት የተገኘው ካርዱን ሳያነብ ባሳለፈው ልጅ ነው።

ስለዚህ አሁን ከሳንቶስ እስከ ሂዩስተን ባለው ጊዜ ክሩን አለማምዳቸው። ካርዱን በእጅህ ተቀበል፣ ፎቶውንና ፊቱን አስተያይ፣ ጻፍ፣ ኦፊሰሩን በሬዲዮ ጥራ፣ እስኪመጣ እንግዳውን እዚያው አቁም። ኮስት ጋርድ ቢሆንም ያው ነው። መርማሪ ይህን ሲደረግለት አይቆጣም። ብቻ ልብ በል፦ ካፒቴኑ ማንንም ሰው ከመርከቡ የመከልከል ሙሉ ሥልጣን አለው፣ በመንግሥት የተወከለና ማንነቱ የተረጋገጠ ሰው ግን አይከለከልም። ማረጋገጥና መከልከል ይለያያሉ። ልምምዱ ቢያንስ በሦስት ወር አንዴ ነው። ክሩ ከሩብ በላይ ተቀይሮ አዲሶቹ በሦስት ወር ውስጥ ልምምድ ያልሠሩ ከሆነ ደግሞ በአንድ ሳምንት ውስጥ መደረግ አለበት። ሳንቶስ ላይ ስንት ሰው እንደተቀየረ ቁጠር።

ፕላኑን አሳየኝ ቢልህ? አትሰጠውም። በትሕትና «ሰር፣ ካፒቴኑን ልጥራ» ትላለህ። ፕላኑ ምሥጢር ነው፤ መርማሪ እንደ ተራ ሰነድ አያገላብጠውም። አንድ ልዩ ሁኔታ ብቻ አለ፦ ግልጽ ምክንያት ኖሮ፣ ጉድለቱን ለማየት ከፕላኑ ሌላ መንገድ ከሌለ፣ የሚመለከተውን ክፍል ብቻ በባንዲራው አገር ወይም በካፒቴኑ ፈቃድ ሊያይ ይችላል። ከዚያም ውስጥ ጭራሽ የማይነኩ ክፍሎች አሉ፣ ለእነሱ መንግሥታቱ ራሳቸው መስማማት አለባቸው። አንዱ የድብቅ ማንቂያው ቁልፎች ያሉበት ቦታ ነው። ያ ቁልፍ ሲጫን መርከቧ ላይ ምንም ድምፅ አይሰማም፤ መልእክቱ ወደ ባሕር ማዶ ይሄዳል። ቢያንስ ሁለት ቦታ አለ፣ አንዱ ብሪጅ ላይ ነው። መርከቧን ወደብ የሚያስገባው ፓይለት ቢጠይቅህ፣ ኤጀንት ቢጠይቅህ፣ ቦታውን በጣትህ አታሳይ። መርማሪው ማየት የሚችለው መዝገቦቹን ነው፦ የልምምዱን፣ የሥልጠናውን፣ የደረጃ ለውጡን፣ የገጠሙ ችግሮችን። ያለፉት አሥር ወደቦች መረጃም በእጅ መኖር አለበት። እነሱን በአንድ ፋይል አደራጅተህ ብሪጅ ላይ አስቀምጥ።

ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ ሕጉ ለመርከቧም ይቆማል። ያለ አግባብ ታስራ ወይም ዘግይታ ከሆነ ካሣ የመጠየቅ መብት በዚያው ደንብ 9 ውስጥ ተጽፏል። ለዚህም ማስረጃው ሎግቡኩ ነው፤ ማን በስንት ሰዓት ወጣ፣ ምን ጠየቀ፣ ምን ተመለሰለት።

በነገራችን ላይ ይህ ሁሉ የኢትዮጵያን ባንዲራ ለያዙ መርከቦችም እኩል ይሠራል፣ እንዲያውም ይብስባቸዋል። የባሕር ሕጉ አንቀጽ 90 ባሕር የሌለውም አገር መርከብ በባንዲራው የማሰማራት መብት እንዳለው ይናገራል፤ አንቀጽ 131 ደግሞ በወደቦች እኩል መስተንግዶ ይሰጣቸዋል። ግን ከ1993 ወዲህ የራሳችን ወደብ ስለሌለን፣ መርከቦቻችን የትም ቢሄዱ የውጭ መርከብ ናቸው። ጅቡቲም ሲገቡ እንግዳ ናቸው። ስለዚህ ይህን ሕግ ከማንም በላይ እኛ መርከበኞች ልናውቀው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

የመጨረሻው ጥያቄህ፣ መውረድ። ይህ ልቤን የሚነካ ጉዳይ ነው። ለዓመታት ተርሚናሎች በጸጥታ ስም መርከበኛውን አግተውታል፣ ወይም ከመርከብ እስከ በሩ ለማድረስ ብቻ ከባድ ገንዘብ አስከፍለውታል። ዘጠኝ ወር ባሕር ላይ የቆየ ሰው እናቱን በቪዲዮ ለማየት ሲም ካርድ መግዣ አጥሩን መሻገር አቅቶት ሲመለስ አይቻለሁ። ኮስት ጋርድ በሚያዝያ 2019 ባወጣው ደንብ፣ አንቀጽ 105.237፣ እያንዳንዱ ተርሚናል መርከበኛው ከመርከቡ እስከ በሩ በጊዜው የሚያልፍበት ሥርዓት እንዲኖረው ተገደደ፤ እስከ ሰኔ 1 ቀን 2020 ሥራ ላይ እንዲውልም ታዘዘ። መርከበኛው ለዚህ አንድ ሳንቲም አይከፍልም። ብቻህን እንድትሄድ ላይፈቅዱልህ ይችላሉ፣ አጃቢ ወይም መኪና ይመድባሉ፤ ያ የእነሱ ጣጣ ነው። ስለዚህ ተርሚናሉ ዝም ብሎ «አይቻልም» ማለት አይችልም።

የኢሚግሬሽኑ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። የመርከበኛ ቪዛ ከሌለህ፣ ወይም የጉምሩክና ድንበር ጥበቃ ኦፊሰሩ መውረጃ ፈቃድ ካልሰጠህ፣ ተርሚናሉ ቢፈልግም አትወርድም። ፈቃዱን ካገኘህ ቢበዛ ለ29 ቀን ነው፣ መርከቧ ከዚያ ቀድማ ከሄደች አብረህ ትሄዳለህ። ከመርከብ እንዳይወርድ የታዘዘ ሰው ቢጠፋ ኃላፊነቱ በኩባንያው ላይ ይወድቃል፣ ጋንግዌይ ላይ ያለው ጥበቃም ስለዚህ ይጠናከራል።

ስለዚህ ዛሬውኑ ለኤጀንቱ በካፒቴኑ በኩል ይጻፍለት፦ የተርሚናሉ የመርከበኛ ማለፊያ ሥርዓት ምንድን ነው፣ በስንት ሰዓት ነው፣ ስሞቹን መቼ ይፈልጋሉ? መልሱን አትመህ ሜስ ሩሙ (መመገቢያው ክፍል) ግድግዳ ላይ ለጥፈው። ተርሚናሉ በር ላይ ገንዘብ ከተጠየቃችሁ የጠያቂውን ስምና ሰዓቱን ያዝ፣ ለወደቡ የኮስት ጋርድ አዛዥ ቢሮ አሳውቁ። ወደ ከተማ ስትወጣ ፓስፖርትህንና ፈቃድህን ይዘህ ውጣ፤ ስትመለስ ጋንግዌይ ላይ ያለው ልጅ ቢያውቅህም ካርድህን አውጥተህ አሳየው፣ እሱም መዝገቡ ላይ ይጻፍህ።